በሶፍትዌር የግንባታ መመሪያዎች ውስጥ «አስፈላጊ» እና «አማራጭ» ስለሚባሉት መደገፊያዎች አሰያየም

አንድ ሶፍትዌር ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ሲገነባ ብቻውን አይቆምም። ሥዕል የሚያነብለት፣ ፊደል የሚስልለት፣ ፋይል የሚጨምቅለት ሌላ ሶፍትዌር ቀድሞ ተጭኖ እንዲገኝ ይፈልጋል። ስለዚህም የግንባታ መመሪያ ከትእዛዞቹ በፊት አንድ ዝርዝር ያቀርባል፤ በዝርዝሩም ቀድመው መገኘት ካለባቸው ነገሮች የትኛው የግድ እንደ ሆነ፣ የትኛው ቢኖር እንደሚበጅ፣ የትኛው ቢቀር ግንባታውን እንደማያደናቅፍ ይለያል። መመሪያው ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ይህ ሁሉ ልዩነት «አስፈላጊ» እና «አማራጭ» በተባሉ ሁለት ቃላት ሥር ሲጠቀለል፣ ነገሮቹም በጅምላ «ጥገኞች» ሲባሉ እናያለን። ሦስቱም ቃላት መልካም የአማርኛ ቃላት ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን ብቁ ሆነው አላገኘናቸውም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያስገደደን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር የገጠመን ነገር ነው። በዚያ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የኅትመት ቤት በምስክር ወረቀቶች ላይ የሰልጣኞችን ስም በአማርኛ የሚያሳርፍ፣ በፓይተን የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ በሥዕል ላይ የሚጽፈው ፒሎው በተባለው ላይብረሪ አማካይነት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ፒሎውን ተገንብቶ ያለቀለትን ጥቅል አውርዶ ስለሚጭን የግንባታ መመሪያ አያነብም። የኅትመት ቤቱ ኮምፒዩተር ግን አሮጌ በመሆኑ የሚስማማው ጥቅል አልተገኘለትም፤ ከምንጩ መገንባት ግድ ሆነ። መመሪያውን በአንድ ገጽ ወደ አማርኛ የመለስነው እኛ ነበርን፤ ፍሪታይፕ ከተባለው የፊደል መሣያ ላይብረሪ አጠገብም «አማራጭ» ብለን ጻፍን።

ሠራተኛው ቃሉን ያነበበው ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ እንደሚያነበው ነው። አማራጭ ማለት ለአንድ ጉዳይ ሌላ መንገድ ማለት ነው፤ አንዱ መንገድ ካለ ሁለተኛውን መፈለግ ትርፍ ድካም ነው። የሚያወርደውም በሚገዛው የሞባይል ዳታ ስለ ነበረ ፍሪታይፕን ተወው። ግንባታው ያለ አንዳች ስሕተት ተፈጸመ። በግንባታው ዘገባ መጨረሻ የፍሪታይፕ ድጋፍ አለመገኘቱን የምትገልጽ አንዲት መስመር ነበረች፤ በመቶ መስመሮች መካከል ማን ያያታል? በማግሥቱ ፕሮግራሙ የአማርኛውን የፊደል ፋይል ሊከፍት ሲሞክር ቆመ። ምክንያቱም ፒሎው ያለ ፍሪታይፕ እንዲህ ያለውን የፊደል ፋይል ፈጽሞ መክፈት አይችልም፤ አብሮት የሚመጣው መናኛ ፊደል ደግሞ የላቲን እንጂ የግእዝ ፊደል የለውም። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ ቢባል ኖሮ መልኩ ባያምርም ሥራው ባልተስተጓጎለ ነበር። ምስክር ወረቀቶቹ በቀጠሮአቸው አልደረሱም። ጥፋቱም የሠራተኛው ሳይሆን የቃሉ፣ ማለትም የእኛ ነበር።

(ስለ ሰፈሩ ስም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። መሥሪያ ቤቱ በቀድሞ ሙሉ ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ሕዝቡ ግን ከረጅሙ ስም «መብራት» እና «ኃይል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ከተወ ቆይቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ስም ሲለዋውጥም እርሱ አልለወጠም። ሊቀር የሚችለውንና የማይቀረውን በመለየት ረገድ ከእኛ ይልቅ ተናጋሪው ሕዝብ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም።)

ከ«ጥገኛ» እንጀምር። የቃሉ መነሻ «ጥግ» ነው፤ ጥገኛ ማለት ወደ ሌላው ጥግ የተጠጋ፣ በሌላው የተከለለ ማለት ነው። በሰዋስው ጥናትም ቃሉ በዚሁ አቅጣጫ ጸንቷል። የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በትምህርት ቤቶችም ጭምር «ጥገኛ ምዕላድ» ስንል ራሱን ችሎ የማይቆመውን እንጂ ሌላው የሚቆምበትን ማለታችን አይደለም። በሶፍትዌር ጽሑፎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንግሊዝኛው ቃል መጀመሪያ የሚገልጸው ግንኙነቱን ነበር፤ በልማድ ግን ሌላው የሚደገፍበትን ነገር መሰየሚያ ሆነ። ፒሎው በፍሪታይፕ ይደገፋል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛው አነጋገር ይህን ስም የሚይዘው ፍሪታይፕ ነው። «የፒሎው ጥገኞች» ብለን ስንተረጉም ግን አንባቢው ፍሪታይፕ በፒሎው ላይ የተጠጋ አድርጎ ይረዳል፤ የዝምድናው ቀስት ተገለበጠ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቃሉ ጥሩ ስም የለውም። «ጥገኛ ተውሳክ» የሚለውን የሰማ አንባቢ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ጥገኞችን ማስወገድ እንጂ መጨመር አይታየውም።

ፍጹም ትክክል ሆኖ የምናገኘው ሥርወ ቃሉ ራሱ፣ «ጥግ» ነበር፤ ጥገኛው የሚጠጋው እርሱን ነውና። ሆኖም «አምስት ጥጎችን ጫን» የሚል ትእዛዝ ያለ ሣቅ የሚነበብ አልመሰለንም። «ድጋፍ» እንዳንል ቃሉ ለባለሙያ እርዳታ፣ እንዲሁም ከላይ እንደ ጻፍነው አንድ ሶፍትዌር ለሚሰጠው ችሎታ ተይዟል። ስለዚህ ከ«ተደገፈ» የሚወጣውን የመሣሪያ ስም፣ «መደገፊያ»ን መርጠናል። ግድግዳም፣ ምርኩዝም፣ የወንበር ጀርባም መደገፊያ ነው፤ የሚደገፈው አንዱ፣ የሚደገፉበት ሌላው መሆኑንም ቃሉ አያሻማም። «ጥገኛ» በመደገፊያው ላይ ለቆመው ሶፍትዌር፣ «ጥገኝነት» ደግሞ ለግንኙነቱ ቢቀር አንቃወምም፤ ምንም እንኳ የኋለኛው ቃል ከስደት ጋር የተያያዘ ሌላ ትርጉም ቢኖረውም ዐውዱ ይለየዋል።

«አስፈላጊ» ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። «አስፈለገ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ በመሠረቱ ያለ እርሱ የማይሆነውን ነገር ይገልጻል። በዛሬው አጠቃቀም ግን ጠቃሚ፣ ትኩረት የሚገባው፣ ሊታለፍ የማይበጅ ለሚባለው ሁሉ ይነገራል። «አስፈላጊ ስብሰባ»፣ «አስፈላጊ ሰው»፣ «አስፈላጊ ምክር» እንላለን፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢቀር ነገሩን ሁሉ የሚያፈርስ ላይኖር ይችላል። «በጣም አስፈላጊ» ማለታችን ራሱ ቃሉ ደረጃ እንደሚቀበል ያሳያል። የግንባታ ዝርዝር ግን ደረጃ የሌለው ፍርድ ይፈልጋል፤ መደገፊያው ከሌለ ግንባታው ይቆማል፣ ወይም አይቆምም። «ተፈላጊ» ይበልጥ ይቀርባል፤ በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች «ተፈላጊ ችሎታ» ሲባል የማያሟላ እንዳይመጣ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ገበያ የሚሻው ዕቃም፣ ፖሊስ የሚያድነው ሰውም ተፈላጊ ነው። «ግዴታ» ደግሞ የሰው ነው፤ ላይብረሪ ግዴታ የለበትም። በዚህ ሁሉ መካከል በየቤቱ የሚነገረው «የግድ» ከሁሉም ይልቅ ጥርት ያለ ሆኖ እናገኘዋለን። ደረጃ አይቀበልም፤ «በጣም የግድ» አይባልም።

ከሁሉ የከፋው «አማራጭ» ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦችን ይሸፍናል። አንዱ «ወይ ይህ ወይ ያ» የሚለው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ መገኘት አለበት። ሁለተኛው «ቢኖርም ባይኖርም» የሚለው ነው፤ ይህኛው ምንም አያስገድድም። የአማርኛው ቃል በባሕርዩ ለመጀመሪያው ያደላል፤ የሚማረጥ ነገር እንዲኖር ቢያንስ ሁለት ነገር ያስፈልጋልና። የዴቢያን ሊኑክስ ጥቅሎች መግለጫ ሁለቱን በሚገባ ይለያል። ከሁለት መደገፊያዎች አንዱ ይበቃል ለማለት በስሞቹ መካከል ቀጥ ያለ ሠረዝ ያቆማል፤ ቢቀር ጉዳት ለሌለው ደግሞ የተለየ መስክ አለው። ሁለቱንም «አማራጭ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይመራዋል፦ ወይ የግድ ከሆኑት ሁለት ነገሮች ሁለቱንም ይተዋል፣ ወይም እንደ ኅትመት ቤቱ ሠራተኛ ሌላ መንገድ ያለ መስሎት የሌለውን መንገድ ይጠብቃል። ስለዚህ «አማራጭ»ን ለ«ወይ ይህ ወይ ያ» ብቻ እንድንተወው እናሳስባለን።

በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ሦስተኛው መደብ በአማርኛ ትርጉሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ነው። ሊኑክስን ከምንጩ ለሚገነቡ ሰዎች የተዘጋጀው፣ ጄራርድ ቤክማንስ በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረውን መጽሐፍ ተከትሎ የሚሄደው ሰፊ መመሪያ፣ መደቦቹን በግልጽ ይበይናል። የመጀመሪያው ያለ እርሱ ጥቅሉ በትክክል ሊገነባ የማይችለው ነው። ሁለተኛው አዘጋጆቹ አጥብቀው የሚመክሩት ነው፤ በመጽሐፉ ያሉት ትእዛዞችም ይህ መደገፊያ አለ ብለው ነው የሚጻፉት። ሦስተኛው ተጨማሪ ችሎታ ለሚሻ ሰው የተተወ ነው። በዴቢያንም የሚመከሩት ከ2009 እ.ኤ.አ. ዕትም ጀምሮ ተጠቃሚው እንቢ ካላለ በስተቀር አብረው ይጫናሉ። እንግዲህ በሁለተኛውና በሦስተኛው መደብ መካከል ያለው ልዩነት የጥቅም መጠን አይደለም። የሚመከረው ካልከለከሉት ይገባል፤ ሊቀር የሚችለው ካልጠሩት አይገባም።

ይህ አስተሳሰብ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እንጀራ ለመጋገር ዱቄትና ውኃ የግድ ናቸው። እርሾ የሚመከር ነው፤ ሊጡ ያለ እርሾም ይቦካል፣ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ስለ ቡኮ ቀናት የሚነገረውም ሁሉ እርሾ አለ በሚል ግምት ነው። ጤፍና ማሽላ አማራጮች ናቸው። አብሽ ሊቀር የሚችል ነው። ደግሞም የግድ የሆነው ነገር ሲጎድል ስሙም አብሮ ይሄዳል፤ ጌሾ ያልገባበት ጠጅ ብርዝ እንጂ ጠጅ አይባልም። ፍሪታይፕ የሌለው ፒሎው ግን ፒሎው መባሉን አልተወም፤ የመመሪያው ጸሐፊዎች ፍሪታይፕን ከሦስተኛው መደብ ማኖራቸው በእነርሱ በኩል ትክክል ነው።

ተርጓሚው የሚቸገርበት አንድ ነገር ደግሞ ከፊደላችን ይመነጫል። በ1997 እ.ኤ.አ. ስኮት ብራድነር ያዘጋጀው፣ የኢንተርኔት ደረጃዎች ቋንቋ መሠረት የሆነው ቁጥር 2119 ሰነድ፣ የማስገደድ፣ የመምከርና የመፍቀድ ቃላትን በሦስት እርከን ደንግጓል፤ በሰነዶቹም ውስጥ እነዚህ ቃላት በትልልቅ ፊደላት ሲጻፉ ይታያሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 8174 ደግሞ ቃላቱ የተደነገገው ፍቺ የሚኖራቸው በትልልቅ ፊደላት ሲጻፉ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ፤ በትንንሽ ፊደላት ከተጻፉ እንደ ማንኛውም ቃል ይነበባሉ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ እንግሊዝኛው በፊደል ቅርጽ የሚሸከመውን ልዩነት አማርኛው በቃል ምርጫ መሸከም አለበት። «አለበት» ለማስገደድ፣ «ይመከራል» ለመምከር፣ «ሊተወው ይችላል» ለመፍቀድ ቢወሰኑ ይበቃሉ። «ይገባል»ን ግን ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ብናርቀው እንመርጣለን፤ ለአንዱ አንባቢ ትእዛዝ፣ ለሌላው ምክር ነው፤ ስለ ጥቅል በሚነገር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ «ወደ ውስጥ ይገባል» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እኛም ከላይ ባለው ክፍል በዚሁ በሦስተኛው ፍቺ ተጠቅመንበታል።

እስካሁን የተናገርነው መደቡ ራሱ ትክክል ነው በሚል ነው። ነገር ግን መደቡን የሚወስነው የሶፍትዌሩ ሠሪ ነው፤ ሠሪውም በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ተጠቃሚ አማርኛ የሚጽፍ ላይሆን ይችላል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። «ገና» ላልቶና ጠብቆ፣ «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ፍቺው እንደሚለይ የታወቀ ነው፤ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጥብቀትን የሚያመለክት ምልክት አስፈላጊነቱም አያከራክርም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ይህ ምልክት አብሮ አልገባም፤ በፊደሉ አናት ላይ የሚውሉት ሁለቱ ነጥቦች በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 4.1 ተጨመሩ። የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስላለው ያለ ብዙ ውስብስብ ሥርዓት ይሣላል። ነጥቦቹ ግን ከሥራቸው ባለው ሆሄ ስፋትና ቁመት መጠን በትክክለኛው ስፍራ እንዲያርፉ የፊደል አቀማመጥ ስሌት ይሻሉ፤ ይህን ስሌት የሚሠራው በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ሃርፍባዝ የተባለው ላይብረሪ ነው። ፒሎው ወደ ሃርፍባዝ የሚደርሰው ራቅም በተባለ ሌላ ላይብረሪ በኩል ነው፤ ራቅም ደግሞ በፒሎው ዝርዝር ውስጥ ሊቀሩ ከሚችሉት አንዱ ነው። ለምስክር ወረቀት ጸሐፊው ቢቀር አይጎዳውም። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ግን የግድ ነው። አንድ ዝርዝር፣ ሁለት አማርኛ ጸሐፊዎች፣ ሁለት መደቦች።

ስለዚህ የመደብ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ከስሙ ቀጥሎ መደገፊያው ቢጎድል ምን እንደሚቀር መነገር አለበት። ተርጓሚ የደራሲውን መደብ እንዲለውጥ አንመክርም፤ ያ ትርጉም ሳይሆን እርማት ይሆናል። ለአማርኛ ተጠቃሚ የተለየ የሚሆነውን ግን በአጭር ሐረግ መጨመር የተርጓሚው ሥራ ነው።

የጉድለቱ ጊዜም ሊገለጽ ይገባዋል (ያወገዝነው ግሥ ከብዕራችን አመለጠ፤ ሊገለጽ «ያስፈልጋል» እንበል)። አንዳንዱ መደገፊያ የሚፈለገው በግንባታ ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ በሥራ ጊዜ። ተገንብቶ ያለቀው የፒሎው ጥቅል ራቅምን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ራቅም የሚፈልገውን ፍሪቢዲ የተባለውን ግን ኮምፒዩተሩ ላይ ካገኘ ፕሮግራሙ ሲሠራ ይጠራዋል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ «ለመገንባት» እና «ለመሥራት» የሚሉት ሁለት ቃላት ያለ ተጨማሪ ስያሜ ልዩነቱን ይገልጻሉ።

የግድ የተባለውም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ፒሎው ከ3.0 ዕትሙ ጀምሮ ዜድሊብና ሊብጄፔግ የተባሉትን ሁለት ላይብረሪዎች የግድ ይላል፤ ካልተገኙ ግንባታው ይቆማል። ሆኖም ገንቢው «ያለ እነርሱ ይሁን» ብሎ በግልጽ ካዘዘ ግንባታው ይቀጥላል። በአንጻሩ ሊቀሩ የሚችሉት በኮምፒዩተሩ ላይ ከተገኙ ሳይጠየቁ ይገባሉ፤ ካልተገኙም በዝምታ ይቀራሉ። ስለዚህ ይህን የመሰለ መመሪያ ስንተረጉም ለመጀመሪያዎቹ «ካልተገኘ ይቆማል»፣ ለኋለኞቹ «ከተገኘ ይገባል» ብለን ብንጽፍ ከየትኛውም ስያሜ ይልቅ ለሠራተኛው የቀረበ ይሆናል። እነዚህን ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ከማንም አልተዋስንም፤ ያገኘናቸው ከዚያው የኅትመት ቤት ሠራተኛ ነው። የሆነውን ሲያስረዳን በዚህ አነጋገር ተናገረ።

ለሦስተኛው መደብ ስም ስንፈልግ ብዙ ሞከርን። «በፈቃድ የሚገባ» ጥሩ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በሶፍትዌር ጽሑፍ «ፈቃድ» የባለ መብቱን የአጠቃቀም ፈቃድ ስለሚያመለክት አንባቢው ገንዘብ የሚከፈልበት ሊመስለው ይችላል። «ተጨማሪ» የሚለው መደገፊያው ራሱ ጭማሪ እንደ ሆነ እንጂ መተው እንደሚቻል አይናገርም። ለሁለተኛው መደብ አንዳንዶች «ተመራጭ» ይላሉ፤ ከ«አማራጭ» ጋር ከአንድ ሥር ስለሚወጣ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያምታታሉ። «የሚመከር»ም እንከን አያጣም፤ «ምክር የሚሰማ» ተብሎ ሊነበብ ይችላልና፤ ስለ ላይብረሪ ሲነገር ግን እንዲህ የሚያነብ ይኖራል ብለን አንሰጋም። ስለዚህ የምናቀርባቸው ስያሜዎች «የግድ»፣ «የሚመከር» እና «ሊቀር የሚችል» የሚሉት ናቸው። የኅትመት ቤቱ ገጽ ከታረመ በኋላ የፍሪታይፕ መስመር እንዲህ ይነበባል፦ «ፍሪታይፕ፤ ሊቀር የሚችል። ከተገኘ ይገባል። ከቀረ ግንባታው ይፈጸማል፤ ነገር ግን የፊደል ፋይል መክፈት አይቻልም። አማርኛ ለሚጽፍ የግድ ነው።»

«ሊቀር የሚችል» ለሠንጠረዥ ዐምድ ይረዝማል የሚል ቅሬታ ቀርቦልናል፤ እውነት ነው። ቦታ ሲጠብ «ሊቀር» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። «የሚቀር» ተብሎ እንዳይጻፍ ግን አደራ፤ ያ መደብ ሳይሆን ትእዛዝ ነው።